በካርታው ላይ የእኛ ቀለም ለምን ፈዘዘ? ስለ ሴቶች የሳንባ ካንሰር ሞት የቀረበ ጥያቄና የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ የሐይቅ ዳር መምህርት (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በሐዋሳ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በዚህ መንፈቅ ዓመት በሽታዎች በምድር ላይ እንዴት እንደሚሰራጩ ለተማሪዎቼ በካርታ ለማሳየት ስዘጋጅ፣ በሳንባ ካንሰር የሚሞቱ ሴቶችን መጠን በየአገሩ የሚያሳይ የዓለም ካርታ አገኘሁ። ሰሜን አሜሪካ፣ ዴንማርክ፣ ሃንጋሪ፣ ቻይናም ጭምር በደማቅ ቀለም ተቀብተዋል፤ ኢትዮጵያና ጎረቤቶቿ ግን ነጭ ለማለት በሚያስደፍር ፈዛዛ ቀለም ተቀምጠዋል። ከካርታው ጋር የተያያዘው ሌላ ሥዕል ደግሞ ዘመኑን ይዞ የሚሄድ ነበር፤ በአሜሪካ የሴቶቹ ሞት ወጥቶ ወጥቶ ሲወርድ፣ እንደ ስፔን ባሉ አገሮች ገና ሽቅብ ሲሄድ ያሳያል።

ይህን ካርታ አይቼ ማለፍ ያልቻልሁት በቤተሰቤ ምክንያት ነው። አክስቴ ባለፈው ዓመት በዚሁ በሽታ አርፋለች። ሲጋራ በሕይወቷ ቀምሳ አታውቅም። ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛችው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ዓመታት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በሰጋቱራና በጭራሮ፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ነበር የምትጋግረው። መጀመሪያ የታከመችበት ጤና ተቋም የአክታ ምርመራዋ ሁለት ጊዜ ነጻ ቢሆንም በራጅ ብቻ የቲቢ መድኃኒት አስጀመራት፤ ስድስት ወር ሙሉ ወሰደች፤ ካንሰር መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ለቅሶው ላይ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ታጨስ ነበር እንዴ?» ሲለኝ ምን እንደምመልስ አላወቅሁም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። የአንድ በሽታ ሞት በአንድ ዘመን ውስጥ በአንዱ አገር ሲወርድ በሌላው የሚወጣው ለምንድን ነው? የእኛስ ቀለም መፍዘዝ ሴቶቻችን ከዚህ በሽታ ነጻ ናቸው ማለት ነው? የማድ ቤት ጭስ ነው አክስቴን የገደላት ብዬ ለተማሪዎቼ መናገርስ እችላለሁ?


መልስ 1፦ የሕዝብ ጤና ባለሙያ (ሐዋሳ)

መምህርት፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጥያቄዎ ሦስት ጥያቄ ስለሆነ እኔ የመጀመሪያውን ልሞክር።

የሳንባ ካንሰር ካርታ የሚያሳየው የዛሬን አኗኗር አይደለም። አንዲት ሴት ማጨስ ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ በሽታው እስኪገድላት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት አሥርት ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ በካርታው ላይ ደምቆ የሚታየው አገር ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት ሴቶቹ በብዛት ያጨሱበት አገር ነው። ዛሬ እዚያ የሚኖሩት ወጣት ሴቶች ሲጋራ ቢተዉ እንኳ ካርታው ቶሎ አይፈዝዝም፤ በተቃራኒው ዛሬ ማጨስ የጀመሩ ሴቶች ያሉበት አገር ደግሞ ገና ለብዙ ዓመት ፈዛዛ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

አሜሪካን ምሳሌ እናድርግ። በዚያ አገር ወንዶች ሲጋራን በብዛት የለመዱት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን ሲሆን፣ ሴቶቹ ግን ዘግይተው ተከተሉ። የትምባሆ ኩባንያዎች ሲጋራን የሴት ነጻነት ምልክት አድርገው ማስተዋወቅ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በ1968 ደግሞ ለሴቶች ብቻ ተብሎ የተሠራ ቀጭን ሲጋራ ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1965 ከአዋቂ ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ከሴቶቹ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ገደማ ያጨሱ ነበር። ውጤቱ የታየው በስተኋላ ነው። የወንዶቹ የሳንባ ካንሰር ሞት እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ከፍተኛው ላይ ደርሶ መውረድ ሲጀምር፣ የሴቶቹ ግን እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ መውጣቱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1987 የሳንባ ካንሰር በዚያ አገር ሴቶችን በመግደል የጡት ካንሰርን አለፈ፤ ከዚያ ወዲህም እንዳለፈ ነው።

ስፔን በዚህ መንገድ ኋላ የመጣች ናት። እዚያ ሴቶች በብዛት ማጨስ የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ በመሆኑ አሜሪካ ከሠላሳ ዓመት በፊት የከፈለችውን ዛሬ ትከፍላለች። እ.ኤ.አ. በ1994 ሎፔዝ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሂደት በአራት ደረጃ ከፍለው አሳይተውታል፤ መጀመሪያ ወንዶቹ ያጨሳሉ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ፣ ከዚያ የወንዶቹ ሞት ይመጣል፣ በመጨረሻ የሴቶቹ። አንዱ አገር በእነዚህ ደረጃዎች ቀድሞ ሲሄድ ሌላው ኋላ ስለሚከተል ነው በአንድ ዘመን አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ የሚያዩት።

ለጂኦግራፊ መምህር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በአንድ አገር ውስጥ ያለው ልዩነት ይመስለኛል። አሜሪካን በአገር ደረጃ ሳይሆን በየወረዳው ቢቀቧት፣ ኬንታኪና ዌስት ቨርጂኒያ በሚገኙበት የአፓላሺያ ተራራማ አካባቢ የሴቶቹ ሞት ደምቆ ይወጣል፤ ብዙ ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ትምባሆ በማይነካባት በዩታ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1988 በሕዝብ ድምፅ በአንድ ፓኮ ላይ 25 ሳንቲም ቀረጥ ጨምራ ገንዘቡን ለትምባሆ መከላከል ስላዋለች ሞቱ ከሌሎች ቀድሞ ወርዶላታል። አፓላሺያ ላይ ግን ድህነቱ፣ የጤና አገልግሎት መራቁና የትምባሆ እርሻው ተደማምረው ሴቶቹ ማጨስን የሚተዉበትን ፍጥነት አዘግይተውታል። ስለዚህ የአገሪቱ አማካይ ሲወርድ በውስጧ ያሉ ወረዳዎች ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ አማካይ ቁጥር ይህን ይደብቃል። ተማሪዎችዎ ይህን አንድ ነገር ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።


መልስ 2፦ የአዳማዋ ነርስ

የባለሙያው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የእኛ ቀለም ስለፈዘዘበት ምክንያት ገና አልተነገረም። እኔ በአዳማ ለብዙ ዓመታት በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ያገለገልሁ ነርስ ስሆን፣ ይህን ጉዳይ ከቃሉ ብጀምር ደስ ይለኛል።

በአማርኛችን «የሳንባ ነቀርሳ» የምንለው ማንን ነው? በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ቲቢን የሳንባ ነቀርሳ ይለዋል። በየቤቱ ደግሞ ካንሰርን ሁሉ ነቀርሳ የሚል ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ «እናታችን በሳንባ ነቀርሳ ሞተች» ሲል በቲቢ ይሁን በካንሰር እኔ ራሴ ደግሜ ሳልጠይቅ አላውቅም። የሟቾችን ቤተሰብ በመጠየቅ የሞትን ምክንያት በሚያጣሩ ጥናቶች ይህ ትልቅ ጣጣ ነው፤ ጠያቂው መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ቤተሰቡ የነገረውን የምልክት ታሪክ ነውና፣ ሳል፣ መክሳት፣ ደም የተቀላቀለ አክታ፣ የሌሊት ላብ ከተባለ ሁለቱም በሽታዎች እዚያ ውስጥ አሉ።

በአክስትዎ የደረሰው በእኛ አገር ብዙ የሚደርስ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው አስቀድሞ ለቲቢ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ይህን ማንም እንዲተው አልፈልግም። የሚያሳዝነው አክታው የቲቢ ጀርምን በሚለየው በጂንኤክስፐርት መሣሪያ ጭምር ነጻ ሆኖ፣ መድኃኒቱ ተወስዶም ለውጥ ሳይኖር፣ «እስኪ ይጨርስ» እየተባለ ወራት ማለፋቸው ነው። የሳንባ ካንሰርን ለማረጋገጥ ሲቲ ስካን፣ አንዳንዴም በብሮንኮስኮፒ (ወደ ሳንባ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) የሚወሰድ ናሙናና ናሙናውን የሚመረምር የፓቶሎጂ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ እነዚህ በአንድ ላይ የሚገኙት በጥቂት ከተሞች ነው። ናሙና ሳይወሰድላት የሞተች ሴት በካንሰር መዝገብ ላይ የመግባት ዕድሏ እጅግ ጠባብ ነው።

መዝገቡም ራሱ ወጣት ነው። በሕዝብ ላይ የተመሠረተው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ለመላው ኢትዮጵያ የሚሰጡት የካንሰር ግምቶች በዋናነት የቆሙት በዚህ በአንድ ከተማ ቁጥር ላይ ነው። የሲዳማ ገጠር ሴት፣ የአርሲዋ፣ የአፋሯ በዚያ ግምት የተወከለችው በአዲስ አበባዋ ሴት ነው። የሞት ምዝገባም ቢሆን በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም በየሰፈሩ ዕድሩ ቀብሮ፣ ቤተሰቡ አልቅሶ፣ የሞቱ ምክንያት የትም ሳይጻፍ የሚያልፍ ብዙ ነው። ከዚያ በፊት ምሁራን አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በመቃብር ቦታዎች የሚቀበሩትን እየመዘገቡ የሞት ምክንያቶችን ለማጥናት የተገደዱትም ሌላ መዝገብ ስላልነበረ ነው።

በለቅሶው ላይ ለቀረበልዎት ጥያቄ አንድ ነገር ልበል። ይህን በሽታ የሚያጨስ ሰው ብቻ ይይዘዋል ብሎ ማመን ሕመምተኛዋን ያሳፍራል፤ ሐኪሙንም ያዘናጋል። የማታጨስ ሴት ስታስል ካንሰርን በመጨረሻ የምናስበው በዚህ የተነሣ ነው።


መልስ 3፦ ስለ ምድጃ የሚሠራ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ በገጠር ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችን በማሠራጨት ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለቆየሁ ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰድ፤ መምህርትን ላለማሳሳት ግን ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይህኛው ነው።

የማድ ቤት ጭስ የማያጨሱ ሴቶችን በሳንባ ካንሰር እንደሚገድል ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ቦታ በቻይና ዩናን ክፍለ ግዛት የምትገኘው ሹዋንዌይ ናት። እዚያ የሚያጨሱ ሴቶች ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉ ሆነው ሳለ የሴቶቹ የሳንባ ካንሰር ሞት በቻይና ከፍተኛ ከሆኑት መካከል ነበር። ምክንያቱ ሲጠና፣ ቤተሰቦቹ ጭሱ የበዛ የድንጋይ ከሰል በቤት ውስጥ፣ ጭስ ማውጫ በሌለው ጉድጓድ ምድጃ ያነድዱ ነበር። ከዚያ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት ምድጃቸውን በቀየሩ ቤቶች የሴቶቹ የበሽታው አደጋ ወደ ግማሽ ገደማ እንደ ወረደ አሳየ። ልብ በሉ፤ መድኃኒት አልተሰጠም፣ ማገዶውም አልተቀየረም፤ ጭሱ የሚወጣበት መንገድ ብቻ ነው የተበጀው።

ወደ እኛ ስንመጣ ግን የምናነደው የድንጋይ ከሰል አይደለም፤ እንጨት፣ ጭራሮ፣ ሰጋቱራ፣ ኩበት፣ የእንጨት ከሰል ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ተቋም የቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጭስን ካንሰር እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት ከታወቁት መድቦታል፤ የእንጨትና የመሰል ማገዶ ጭስን ግን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ካንሰር የማምጣቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው በሚለው መደብ አስቀምጦታል። እንግዲህ መምህርት ለተማሪዎችዎ «ጭሱ የአክስቴን አደጋ ሳይጨምር አልቀረም» ቢሉ እውነት ተናገሩ፤ «ጭሱ ገደላት» ቢሉ ግን ለአንዲት ሴት ማንም ሊያረጋግጠው የማይችለውን ተናገሩ። የአንድን ሕዝብ ሞት ምክንያት ማወቅና የአንዲት ሴትን ሞት ምክንያት ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በኢትዮጵያ ከአሥር ቤት ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው በእንዲህ ያለ ማገዶ ነው የሚያበስለው። የእንጀራ ጋገራ ደግሞ ከሌላው ምግብ ይከብዳል፤ ምጣዱ ሰፊ ነው፣ እሳቱ ረጅም ሰዓት መንደድ አለበት፣ ጋጋሪዋም ከጭሱ መራቅ አትችልም። በሲዳማ ገጠር ከእንሰት የሚዘጋጀውን ዋሳ የምትጋግር እናትም ከብቶቹ ባሉበት ቤት ውስጥ፣ እሳቱ ከመሐል ሆኖ፣ ሕፃኗን አዝላ ነው የምትውለው። ጭሱ ካንሰርን ቢተውልን እንኳ የሕፃናትን የሳንባ ምችና የእናቶችን ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የሚባለው የከሰል ምድጃ ማገዶ ይቆጥባሉ፤ ጭስ ማውጫና መስኮት ካልተጨመረ ግን ጭሱን ከቤት አያስወጡትም። እኔ ራሴ በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት የምንቆጥረው የተቆጠበውን ማገዶ ብቻ ነበር፤ ሴቲቱ የምትተነፍሰውን አየር ለመለካት አላሰብንም። ዛሬ ያ ይቆጨኛል።

ሌላም አለ። የባል ሲጋራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የጃፓኑ ተመራማሪ ሂራያማ 91,540 የማያጨሱ ሚስቶችን ለ14 ዓመታት ተከታትሎ፣ ባሎቻቸው ብዙ የሚያጨሱባቸው ሴቶች በሳንባ ካንሰር ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳይቷል። የማታጨስ ሴት ስንል ጭስ ያልነካት ሴት ማለታችን አይደለም።


መልስ 4፦ ታዛቢ

ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ፤ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። በአዲስ አበባው መዝገብ ላይ የሴቶች ካንሰር አንድ ሦስተኛ ገደማው የጡት ነው፤ ከዚያ የማኅፀን በር ይከተላል። ያለችንን ጥቂት አቅም በእነዚህ ላይ ማዋል ሲገባን፣ አሜሪካና ሃንጋሪን የሚያስጨንቀውን በሽታ ለምን እናነሣለን?


መልስ 5፦ የሕዝብ ጤና ባለሙያ (ሐዋሳ)

ታዛቢ፣ ለሕክምናው አቅም ቅደም ተከተል ከሆነ ትክክል ብለሃል፤ ለመከላከሉ ግን አይሠራም። የጡት ካንሰርን በአዋጅ ማስቀረት አንችልም። የሴቶችን የሳንባ ካንሰር አብዛኛውን ክፍል ግን፣ ገና ሳይመጣ፣ ማስቀረት እንችላለን፤ የሚቻለውም አሁን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር። የትምባሆ ኩባንያ ይህን ቁጥር ሲያይ የሚያየው ያልተነካ ገበያ ነው። በከተማችን የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በራሳቸው ደመወዝ ይተዳደራሉ፤ ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን በሌሎች አገሮች ሲጋራ ሴቶችን የያዛቸው ልክ እንዲህ ከቤተሰብ ወጥተው የራሳቸውን ገንዘብ መያዝ በጀመሩበት ትውልድ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያን ከልክሏል፣ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፣ ሺሻንም እንዲሁ። ሕጉ ጠንካራ ነው፤ ማታ ማታ በየመዝናኛ ቤቱ ጓዳ ሺሻ ሲጨስ ስናይ ግን አፈጻጸሙ ገና እንደሚቀረው እንረዳለን። ዛሬ በዚያ ጓዳ የተቀመጠችው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በካርታው ላይ የምትታየው ወደ ስድሳዎቹ ስትጠጋ ነው።

ለጀመሩትም ቢሆን ጊዜው አላለፈም። በእንግሊዝ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የተከታተለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት፣ ከአርባ ዓመታቸው በፊት ማጨስ ያቆሙ ሴቶች በማጨስ ከሚመጣው ተጨማሪ የሞት አደጋ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን እንደሚያመልጡ አሳይቷል።


የጠያቂዋ ምላሽ፦ የሐይቅ ዳር መምህርት

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ይሁንልኝ። ከካርታው ግርጌ «በዕድሜ የተስተካከለ» ይላል። የእኛ ሕዝብ ወጣት መሆኑ ታስቦ ተስተካክሏል ማለት ነውን? ከሆነ ፈዛዛነታችን በወጣትነታችን ሊመካኝ አይችልም።


መልስ 6፦ የሕዝብ ጤና ባለሙያ (ሐዋሳ)

በትክክል ተረድተውታል። ለተማሪዎችዎ እንዲህ አድርገው ያስሉላቸው። እያንዳንዳቸው 100,000 ሴቶች ያሉባቸው ሁለት ከተሞች ይኑሩ። በአንደኛው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት 3,000፣ በሁለተኛው 15,000 ይሁኑ። በሁለቱም ከተሞች ከእነዚህ አሮጊቶች መካከል ከሺህ አንዷ በዓመት በሳንባ ካንሰር ብትሞት፣ በመጀመሪያው ከተማ 3፣ በሁለተኛው 15 ሰው ይሞታል። አደጋው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለተኛው አምስት እጥፍ የከፋ ይመስላል። ማስተካከል ማለት ሁለቱን ከተሞች አንድ ዓይነት የዕድሜ ስብጥር ያላቸው አድርጎ እንደገና ማስላት ነው። ካርታዎ ይህን ስላደረገ ወጣትነታችን ከሒሳቡ ወጥቷል፤ የሚቀሩት የሴቶቻችን አለማጨስና የሞታችን አለመቆጠር ናቸው። የመጀመሪያው እውነተኛ ጸጋ ነው፤ ሁለተኛው ግን በምንም ቀመር አይስተካከልም፤ ያልተመዘገበን ሞት ምንም ስሌት አይመልሰውም።

የአክስትዎ የምርመራ ወረቀት በእጅዎ ካለ፣ የሞት ምዝገባው በቀበሌ ሲወጣ ምክንያቱ እንዴት እንደ ተጻፈ ይመልከቱልኝ። «የሳንባ ነቀርሳ» ተብሎ ከሆነ የሐኪሙን ማስረጃ ይዞ «የሳንባ ካንሰር» ተብሎ እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል።


የጠያቂዋ ምላሽ፦ የሐይቅ ዳር መምህርት

ዛሬ ከሥራ ስወጣ የአክስቴ ልጅ ቤት ሄጄ ወረቀቱን አየሁት። የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ «ሕመም» ነው የሚለው። የሐኪሙን ማስረጃ ከነፓቶሎጂ ውጤቱ አግኝተነዋል፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስለሌለኝ አብረን ቀበሌ እንሄዳለን። ልጅቷ የእናቷን ደንበኞች ተረክባ እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ትጋግራለች፤ መብራት ሲጠፋ ወደ ሰጋቱራው ትመለሳለች። ምድጃ የሚሠሩት ወንድማችን በመስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ ጭስ ማውጫ እንዴት እንደሚገባ ቢነግሩን፣ ግንበኛ ለቅዳሜ ተነጋግረናል።